የአክስቴ እንቅርትና ቡናማው ቀለም

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛ ደብረ ታቦር አካባቢ ግን እንቅርት ተረት ብቻ አይደለም። ጉና ተራራ ሥር ነጠላዋን አንገቷ ላይ ጠምጥማ ገበያ የምትወጣ እናት ማየት ብርቅ አይደለም። ደጋው ላይ ዝናብና ጎርፍ የአፈሩን አዮዲን ስለሚያጥበው እህሉም አዮዲን ያንሰዋል። የታይሮይድ ዕጢ ደግሞ አዮዲን ሲያጣ ያብጣል።

አክስቴም እንቅርቷን ሃያ ዓመት ተሸክማዋለች። አምና በአንድ በኩል ጠጠር ያለ እብጠት ሲወጣባት ግን ለምነን ሐኪም ቤት ወሰድናት። በቀጭን መርፌ ናሙና ተወሰደ። የመጣው ወረቀት «ሜዱላሪ የሚባለው የታይሮይድ ካንሰር ሊሆን ይችላል» ይላል። ቁጭ ብሎ ያስረዳን ሰው አልነበረም። እኔም እንደ ማንኛችሁም ስልኬን አውጥቼ ጎግል አደረግኩ። ሜዱላሪ ካንሰር ከአራት አንዱ ገደማ በዘር የሚመጣ መሆኑን ሳነብ ስልኩን ዘጋሁት። አክስቴ ሦስት ልጆች አሏት።

ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ተላከ። አንድ የፓቶሎጂ ሐኪም ነገሩን እንዲህ አስረዱኝ። እያንዳንዱ የህዋስ ዓይነት የሚታወቅበት ፕሮቲን አለው። ሜዱላሪ ካንሰር የሚነሳው ካልሲቶኒን ከሚሠሩ ህዋሳት ነው። ስለዚህ ካልሲቶኒንን ብቻ ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ናሙናው ላይ ይደረጋል፤ ቁልፍ የራሱን ጓጉንቸር ብቻ እንደሚከፍት ማለት ነው። ፕሮቲኑ ካለ አንቲቦዲው ይጣበቅበታል፣ ከዚያ በሚጨመረው ኬሚካል ቦታው በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቡናማ ይሆናል። ከሌለ ቡናማ አይሆንም።

የአክስቴ ናሙና ለካልሲቶኒን ቡናማ አልሆነም። የተለመዱት የታይሮይድ ህዋሳት የሚሠሩት ታይሮግሎቡሊን ግን ደምቆ ታየ። ሜዱላሪ አይደለም! የልጆቹ ነገር ቀለለልን።

ግን ቀለም ሁሉን አይፈታም። ፎሊኩላር የሚባለው ዕጢ ካንሰር መሆኑ የሚታወቀው ሽፋኑን ወይም የደም ሥሩን ጥሶ ሲገኝ ነው፤ ይሄ ደግሞ በመርፌ ናሙና አይታይም። እንደ ጋሌክቲን-3 ያሉ ፕሮቲኖች ጥርጣሬን ያጠናክራሉ እንጂ ብቻቸውን አይፈርዱም። ስለዚህ አክስቴ ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ዕጢው ተቆርጦ ሲመረመር ካንሰር አልነበረም።

አንቲቦዲዎቹ ከውጭ የሚመጡ፣ ማቀዝቀዣ የሚፈልጉ፣ ዋጋቸውም የማይቀመስ ነው። ለዚህም ነው ናሙናው ከእኛ ሰፈር ሩቅ የሚጓዘው፤ ያን ያህል ቀን ደግሞ ቤተሰብ እንቅልፍ የለውም።

እናንተም እናታችሁ ወይ አክስታችሁ አንገት ላይ እብጠት ካለ፣ በተለይ ከጠነከረ፣ ቶሎ ካደገ፣ ድምፅ ካጎረነነ ወይም መዋጥ ካስቸገረ፣ ከጎግል በፊት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ወረቀቱ ካልገባችሁም ሳትጠይቁ አትውጡ። አዮዲን ያለበት ጨው ግዙ፣ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡት፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ጨምሩት።

አክስቴ ዛሬ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ገበያ ትወጣለች። «ለካ ነፋስ እንዲህ ደስ ይላል!» አለችኝ።