ምስጥና የእናቴ ቁም ሣጥን

ቤታችን በስማዳ ቆላ ነው። ባለፈው ክረምት ደብተሮቼን ላወጣ የችፑድ ቁም ሣጥናችንን ብከፍት፥ የታችኛው መደርደሪያ እንደ ድርቆሽ በእጄ ተፈረፈረ፤ የ11ኛ ክፍል ደብተሮቼም አብረው ተበልተዋል። ከፊት ለፊቱ ግን አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። እናቴ በጎቿን ሸጣ የገዛችው ዕቃ ነው።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ችፑድ ማለት በሙጫ ተጣብቆ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ነው፤ ስለዚህ ለምስጥ ያው እንጨት ነው። የምስጥ ገላ ለስላሳ በመሆኑ ፀሐይና ነፋስ ያደርቁታል፤ ስለዚህም ከመሬት ተነሥቶ በጭቃ ዋሻ ተሸፍኖ ይጓዛል። ቁም ሣጥኑን ከግድግዳው ብንስበው ከጀርባው ጣት የምታህል የጭቃ መሥመር አገኘን። አፈረስናት፤ ነገር ግን ንግሥቲቱ ከመሬት በታች ስላለች ሠራተኞቹ ሌላ መንገድ ሠሩ።

አሁን ዕቃውን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አቁመን ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቀነዋል፤ ያልተሸፈነውን ጠርዝና ሥሩንም ቀለም ቀብተነዋል። ድንጋዩ ምስጡን አያግደውም፤ ነገር ግን ዋሻውን በገሃድ እንዲሠራ ያስገድደዋል፤ እኛም እናየዋለን።

አጠገቡ የነበረውን የአያቴን የጥድ ሣጥን አልነኩትም፤ የጥድን ዘይት ምስጥ አይወደውም። አያቴም ይህን ሳያነሣ የሚውልበት ቀን የለም። እናቴ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ባትሪ ይዛ ከቁም ሣጥኑ ኋላ ትንበረከካለች።