ከገበያ መደብ አጠገብ ያደገው የጊታር ተጫዋች

በጉልት ገበያ የሚውሉ እናቶች ልጆቻቸውን ከጎናቸው አስቀምጠው ሲነግዱ ማየት ለማናችንም አዲስ ነገር አይደለም። ልጁ ዕቃ ይጠብቃል፤ ይላላካል፤ ሲሰለቸው ደግሞ ያገኘውን ቆርቆሮ እየደበደበ ይጫወታል። በዚህ ጊዜ «አርፈህ ተቀመጥ፤ አትረብሸን!» የማይባል ልጅ ጥቂት ነው። ዛሬ ታሪኩን የምናወጋችሁ ኮንጎአዊው የጊታር ተጫዋችና የዘፈን ደራሲ ፍራንኮ ሉዋምቦ ማኪያዲ ያደገው እንዲህ ባለ መደብ አጠገብ ነበር።

ፍራንኮ የተወለደው በአውሮፓ አቆጣጠር ሐምሌ 6 ቀን 1938 ሶና ባታ በተባለች የገጠር ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቤተሰቡ ወደ ዋና ከተማዋ የገባው እሱ ገና ሕፃን ሳለ ነው። ያን ጊዜ አገሪቱ በቤልጅግ ቅኝ አገዛዝ ሥር ስለነበረች የዛሬዋ ኪንሻሳ ሊዮፖልድቪል ትባል ነበር። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። እሳቸው በሞት ሲለዩ ፍራንኮ ገና ልጅ ነበር፤ የቤቱም ሸክም በእናቱ በማማ ማኪዬሴ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ማማ ማኪዬሴ ንጊሪ ንጊሪ በተባለው ሠፈር ገበያ ላይ፣ እኛ ቦምቦሊኖ ከምንለው ጋር የሚቀራረብ፣ በዘይት የሚጠበስ ሊጥ እየሸጡ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ጀመር። በዚህ ገቢ የፍራንኮን ትምህርት ማስቀጠል አልተቻለም። ልጁ ግን በሰባት ዓመቱ ገደማ ከቆርቆሮ ጣሳና ከሽቦ ለራሱ ጊታር መሳይ ነገር ሠርቶ ነበር። በመደቡ አጠገብ ተቀምጦ ሲጫወት መንገደኛው ቆም ይላል፤ የቆመውም ሰው ሳይገዛ አይሄድም። እናትም ልጃቸውን ዝም አላሰኙትም። እንዲያውም ጨዋታው ለገበያቸው ሞገስ ሆነላቸው። ፖል ኤቤንጎ ዴዋዮን የተባለ ጊታር ተጫዋች ደግሞ የልጁን ዝንባሌ አይቶ ጣቶቹን በክሮቹ ላይ እንዴት እንደሚያሳርፍ አስተማረው።

በ1953 አንድ ግሪካዊ ነጋዴ ያቋቋመው ሎኒንጊሳ የተባለው የሸክላ ማሳተሚያ ፍራንኮን ቀጠረው። ገና የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። በ1956 ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ኦኬ ጃዝ የተባለውን ባንድ መሠረተ። ባንዱ ስሙን ያገኘው ይጫወትበት ከነበረው መጠጥ ቤት ነው። ከዓመታት በኋላ የባንዱ አባላት ቁጥር ከሠላሳ በላይ ደርሶ ነበር። የጨዋታው ስልት የኮንጎ ሩምባ ሲሆን፣ ዘፈኑ በለስላሳ ዜማ ይጀምርና ቃሉ ሲያበቃ ጊታሮቹ ብቻቸውን እየተቀባበሉ ሕዝቡን ለጭፈራ ያስነሳሉ። ይህ ክፍል ሴቤን ይባላል። በሴቤን ላይ የፍራንኮን ጠንካራ የጣት ምት ሰምቶ የማይለይ የኪንሻሳ ሰው አልነበረም።

በ1970 በቤተሰቡ ላይ ከባድ ኀዘን ደረሰ። እሱም እንደ ፍራንኮ ጊታር ተጫዋች የነበረው ታናሽ ወንድሙ ባቮን ማሪ ማሪ በመኪና አደጋ ሞተ። ማማ ማኪዬሴ ካሳደጓቸው ሁለት ጊታር ተጫዋቾች አንዱን ቀበሩ። ፍራንኮም ኀዘኑን በዘፈን ገለጸ።

ለመሆኑ የፍራንኮ ዘፈኖች ስለምን ነበሩ? በብዛት ስለ ቤትና ስለ ትዳር ነበሩ። የባልና የሚስት ጠብ፣ የጎረቤት ሐሜት፣ የጓደኛ ክዳት፣ በገበያ ውሎ የሚሰማው ሁሉ በሊንጋላ ቋንቋ ይዘፈን ነበር። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ለሴቶች የተቆረቆረ ነበር ማለት አይቻልም። ሴትን የሚያንቋሽሹ ዘፈኖችም አውጥቷል። በ1978 ሁለት ዘፈኖቹ ጸያፍ ናቸው ተብሎ ከባንዱ አባላት ጋር ታስሯል። በገበያተኛ እናት ላብ ያደገ ሰው ሴትን ሲያዋርድ መስማት የሚያሳዝን ነው።

በ1985 ያወጣው «ማሪዮ» ግን ሌላ መልክ አለው። በዚህ ዘፈን የተማረ ጎልማሳ ሥራ ጠልቶ፣ በዕድሜ ከእሱ በምትበልጥ ባለሀብት ሴት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ገንዘቧን እየበላ ያሠቃያታል፤ እሷም ምሬቷን ትናገራለች። «ይህን ሰው እኔም አውቀዋለሁ» የሚል አድማጭ በየሠፈሩ ስለነበረ ዘፈኑ በብዙ የአፍሪቃ አገሮች ተወደደ።

በ1987 ደግሞ ኤድስን የሚመለከት ረዥም ዘፈን አወጣ። በሽታው በብዙ አገሮች በሹክሹክታ ብቻ በሚነሣበት በዚያ ጊዜ ፍራንኮ በግልጽ ቋንቋ አስጠነቀቀ። መልእክቱም ድንበር እንዲሻገር በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ተናገረው። ወላጆችን፣ መምህራንን፣ ሐኪሞችንና ወጣቶችን በየተራ እየጠራ፣ ራሳችሁን ጠብቁ፣ ልጆቻችሁን አስተምሩ፣ የታመመውን አትግፉ ሲል መከረ።

ከዚህ በኋላ የራሱም ጤና እየተጓደለ ሄደ። ጥቅምት 12 ቀን 1989 ቤልጅግ ውስጥ በ51 ዓመቱ አረፈ። አስከሬኑ ወደ ኪንሻሳ ሲመለስ መንግሥት የአራት ቀን ብሔራዊ ኀዘን አወጀ። በ2021 ደግሞ የኮንጎ ሩምባ በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ።

እናቶች ሆይ፣ ቆርቆሮ የሚደበድብ ልጅ ሁሉ ፍራንኮ ይሆናል አንልም። ሆኖም ማማ ማኪዬሴ ለልጃቸው ጊታር የሚገዙበት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የሰጡት በመደባቸው አጠገብ ተቀምጦ የሚጫወትበትን ቦታ ነው። ያን ያህሉን ለመስጠት አቅም የሚያንሰን ጥቂቶች ነን። ከዚያም አልፎ፣ ከጎናችን ተቀምጦ የሚጫወተው ልጅ ጆሮ እንዳለው አንርሳ። በመደብ ላይ፣ በቡና ላይ፣ በጓዳ ስለ ሴትና ስለ ወንድ የምንናገረውን ሁሉ ይሰማል፤ ሲያድግም መልሶ ይናገረዋል።