ከዝንብ ክንፍ የሚቀድም ዓይን

በነቀምቴ፣ በጊምቢ ወይም በደምቢ ዶሎ ዙሪያ ባለ የቡና ማሳ ውስጥ፣ ዋንዛ ወይም ሰሳ ጥላ ሥር ትንሽ ታግሦ የሚቆም ሰው የዝንብ አዳኟን ወፍ ሥራ ማየት ይችላል። ራቁቱን በቀረ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። ድንገት ትወረወራለች፣ አየር ላይ ነፍሳቱን ቀለብ ታደርጋለች፣ ተመልሳም ብዙውን ጊዜ እዚያው ታርፋለች።

በአገራችን ከእነዚህ ወፎች ቶሎ የሚለየው፣ ወንዱ ከአካሉ የሚረዝም ጅራት ያለው ቀይ ቡናማው ዝርያ ነው። ሌላው ግራጫ ቡናማ ሲሆን ዓይኑ ገርጣ ያለ ቢጫ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1840።

በካሪቢያን ደሴቶችና በአሜሪካ ሐሩራማ ደኖች ይህንኑ ሙያ የያዙት ከሌላ ቤተሰብ የሆኑ ወፎች ናቸው፤ ቤተሰቡ ከ400 በላይ ዝርያዎች አሉት። መልካቸው የእኛዎቹን ቢመስልም ዝምድናቸው የሩቅ ነው፤ ይህም በዜማቸው ይታወቃል። የእኛዎቹ ዜማቸውን ከትልልቆቹ እየሰሙ ከሚማሩ ወፎች ወገን ናቸው። የአሜሪካዎቹ ግን ይዘውት ይወለዳሉ፦ እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመ ጥናት፣ በጫጩትነታቸው መስማት እንዳይችሉ የተደረጉ ፊቢ የሚባሉ ወፎች አድገው የወገናቸውን ዜማ ሳያዛንፉ ዘምረዋል።

ታዲያ ያመሳሰላቸው ሥራቸው ነው። በራሪ ነፍሳትን አየር ላይ ለመያዝ ከሥሩ ሰፊና ጠፍጣፋ የሆነ ምንቃር ያስፈልጋል። በአፋቸው ዙሪያ ጠንካራ ጢም አላቸው። ይህ ጢም እንደ መረብ ነፍሳት ይይዛል ተብሎ ይታሰብ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 በአንድ የአሜሪካ ዝርያ ላይ የተደረገ ሙከራ ግን ዓይንን ከብናኝ እንደሚከላከል አሳየ። ዓይናቸውም ፈጣን ነው። የስዊድን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዳሳዩት፣ አንድ የአውሮፓ ዝንብ አዳኝ በሰከንድ እስከ 146 ብልጭታ ለይቶ ያያል፤ የሰው ዓይን በአማካይ ከ60 ብዙም አያልፍም። እኛ ሳይቋረጥ የበራ የሚመስለን አሮጌ የፍሎረሰንት መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ለዚህች ወፍ ግን ብልጭታው ሊታያት ይችላል።

ጉዳዩ የቡና ገበሬውንም ይመለከታል። በኮስታሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ነፍሳት በል ወፎች የቡና ፍሬ የሚበሳውን ጥንዚዛ ጥቃት በግማሽ ያህል እንደሚቀንሱ አሳይቷል። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በጥላ ቡና ማሳ ውስጥ ከአጎራባቹ ደን ከእጥፍ በላይ የወፍ ዝርያ አግኝቷል። ሆኖም በደኑ ውስጥ ዝቅ ብለው ነፍሳት የሚያድኑት ወፎች በማሳው ውስጥ አንሰው ተገኝተዋል፤ ስለዚህ የጥላ ቡና ደንን አይተካም።

በወለጋ ቡና ያላችሁ ሁሉ፣ ዋንዛውንና ሰሳውን ቆርጣችሁ ባሕር ዛፍ ከመትከላችሁ በፊት አስቡበት። ፀረ ተባይ መርጨትም ያለምርጫ ከሆነ ተባዩን ብቻ ሳይሆን ወፏ የምትበላውንም ያጠፋል። ዝንብ አዳኟ የምትፈልገው መቀመጫ ቅርንጫፍ፣ ክፍት አየርና ነፍሳት ነው፤ ሦስቱንም የጥላ ዛፍ ያለው ማሳ ይሰጣታል።