የአንበጣ ወረራ ሲራዘም ማስጠንቀቂያን ለገበሬው ስለ ማድረስ

የበረሃ አንበጣ ወረራ እንደ በረዶ በአንድ ቀን መጥቶ የሚያልፍ አደጋ አይደለም። በግንቦት 2010 እና በጥቅምት 2011 ዓ.ም. በደቡብ ዓረብ በረሃ አውሎ ነፋስ ባመጣው ዝናብ የተራባው አንበጣ፣ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ኢትዮጵያ ገብቶ እስከ 2013 ዓ.ም. ቆይቷል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በወሎ ማሽላና ጤፍ ሊታጨድ ሲል መንጋው ወርዷል።

አደጋው በተራዘመ ቁጥር ማስጠንቀቂያው ይሰለቻል። «አንበጣ መጣ» የሚል ቃል ደጋግሞ የሰማ ገበሬ፣ መንጋው ሳይደርስበት ሲቀር ጆሮ መስጠቱን ይተዋል። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው የሚከተሉትን ማወቅ ይገባዋል።

1. ማስጠንቀቂያው የአንበጣውን ዕድገት ይከተል

ሀ/ ዕንቁላል፡- እርጥበት ባለው አሸዋማ አፈር ውስጥ ይጣላል፤ እንደ ሙቀቱ መጠን ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ገደማ ይፈለፈላል። አንበጣ ዕንቁላል የጣለበት ቦታ ይመዝገብ፤ በዚያው ጊዜ ተመልሶ የሚያየው ሰውም ይመደብ።

ለ/ ኩብኩባ፡- ገና መብረር ስለማይችል በእግሩ ይጓዛል፤ ይህም በአማካይ አምስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ለመከላከል አመቺው ጊዜ ይህ ስለሆነ ኩብኩባ ያየ ሁሉ ሳይዘገይ ያስታውቅ።

ሐ/ የሚበር መንጋ፡- ነፋስ ተከትሎ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ በቀን የሚበላው የ35,000 ሰው ምግብ ያህል ነው። የደረሰ ሰብል በደቦ ፈጥኖ እንዲታጨድ ይነገር።

2. የምሽቱ መልእክት

መንጋው ሲመሽ በዛፍና በቁጥቋጦ ላይ ያድራል፤ ጧት ፀሐይ ሲሞቀው ይነሣል። ርጭቱ ሳይነሣ እንዲደርስበት ማደሪያው በዚያው ምሽት መታወቅ አለበት። መልእክቱ የጎጡን ስም፣ የታየበትን ሰዓት፣ የመንጋውን ስፋትና የመጣበትን አቅጣጫ ይያዝ። ቆርቆሮ መምታትና ጅራፍ ማጮህ መንጋውን ወደ ጎረቤት ማሳ ያሻግረዋል እንጂ አይገድለውም።

ከርጭት በፊት ንብ አናቢዎች ቀፏቸውን እንዲያርቁ ይነገራቸው። ባለሙያው የወሰነው ጊዜ ሳያልፍ በተረጨው ቦታ ከብት አይሰማራ።

3. ማስጠንቀቂያው እንዳይሰለች

ሀ/ መግለጫው በተወሰነ ቀን፣ ለምሳሌ በየገበያው ቀን ይሰጥ። አዲስ ነገር ባይኖርም «በዚህ ሳምንት በቀበሌያችን አልታየም» ይባል።

ለ/ በዓይን የታየው ከግምት ተለይቶ ይነገር።

ሐ/ ይመጣል የተባለው መንጋ ከቀረ፣ ነፋሱ ወዴት እንደ ወሰደው ይገለጽ። አደጋው ሲያልፍም ማስጠንቀቂያው መነሣቱ በይፋ ይነገር።

መ/ ወሬ ላመጣ ገበሬ ምን እንደ ተደረገ ይነገረው። መልስ ያላገኘ ሰው ሁለተኛ አያስታውቅም።

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በየጎጡ ሁለት ሁለት ጠቋሚዎች መርጠው በመዝገብ ቢይዙ፣ መልእክቱም በእድር፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድና በውኃ መቅጃ ቦታ እንዲደርስ ቢያደርጉ፣ ራዲዮና ስልክ የሌለው ቤተሰብም በወቅቱ ይሰማል።