ነዌና አልዓዛር፦ ታሪክ ወይስ ምሳሌ?

ባለፈው ክረምት ለቅሶ ልደርስ በገባሁበት ድንኳን፣ ንፍሮው እየዞረ ሳለ፣ የሟቹ ታናሽ ወንድም የአርባውን ተዝካር ነገር አነሡ። የሟቹ የበኩር ልጅ ጌታን ከተቀበለ ቆይቷል። “ጋሼ፣ አይቀየሙኝ” አለ፤ “በነዌና በአልዓዛር መካከል ገደል አለ። ከዚህ የሚላክ ነገር አይሻገርም።” አጎትየው ድምፃቸውን ሳያነሡ “ገደሉን ያየህ ሰው ነዌ አብርሃምን ሲለምን እንዴት አላየህም? ጻድቃን የማይሰሙ ከሆነ ማን መለሰለት?” አሉት። አጠገቤ የነበረው አድቬንቲስት ጎረቤታቸው ደግሞ “ሁለታችሁም ምሳሌውን ታሪክ አደረጋችሁት። የሞተ ሰው እስከ ትንሣኤ ተኝቷል” ብሎ ገባበት።

የሀብታሙ የነዌና የድሀው የአልዓዛር ነገር የሚገኝበት ሉቃስ ምዕራፍ 16 በአገራችን የምልጃ ክርክር ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚጠቀስ አንባቢ ያውቃል። እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። አጎትየው ልመናውን በቁሙ ወስደው ገደሉን አለፉት፤ ልጁ ገደሉን በቁሙ ወስዶ ልመናውን አለፈው። ጎረቤታቸው ሁሉንም ምሳሌ ሲያደርግ ምሳሌው ምን እንደሚል አልተናገረም። ከደጅ የተኛውን ድሀ ማንም አላነሣውም።

ክርክሩ የትናንት አይደለም። የካርቴጁ ተርቱሊያን በ3ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስለ ነፍስ ሲጽፍ፣ ነገሩ በእውነት ያልሆነ ከሆነ አልዓዛር የሚል ስም ምን ያደርጋል ብሎ ጠይቋል። ከ1300 ዓመት በላይ ቆይቶ የጄኔቫው ካልቪን በዚያው ስም ተደግፎ ታሪክ ነው ወደሚለው አዘነበለ። ተርቱሊያን ነፍስ አካል እንዳላት ሊያስረዳ፣ ካልቪን ወንጌልን ሊያብራራ የተነሡ በብዙ ነገር የማይገናኙ ሰዎች ናቸው፤ የያዙት ማስረጃ ግን አንድ ነው። በሌሎቹ የጌታ ምሳሌዎች ዘሪው፣ አባትየው፣ ሳምራዊው ስም የላቸውምና።

በእኛ ዘንድ እንዲያውም ሀብታሙም ስም አለው። አብዛኛው የግሪክ ቅጂ ሳይጠራው ያልፋል፤ ምዕራባውያንም “ሀብታሙ” ብለው ብቻ ያውቁታል። ነገር ግን ከግብፅ የተገኘ አንድ ጥንታዊ የሉቃስና የዮሐንስ ወንጌል ፓፒረስ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲታተም ሀብታሙ “ኔዌስ” ተብሎ ተጽፎ ተገኘ። ፓፒረሱ ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል፤ በደቡብ ግብፅ ቅብጥኛም ሰውየው “ኒኔዌ” ይባላል። አያቶቻችን እሳት ዳር ሲተርኩት የኖሩት ስም ይህን ያህል ሩቅ ዘመድ አለው። ይህን ሳነብ ደስ ብሎኛል፤ ሰውየው መኖሩን ግን አያረጋግጥልኝም። የሚያረጋግጥልኝ ሰሚው ከጥንት ጀምሮ ነዌን ስም ያለው ጎረቤት አድርጎ ሊያስበው መፈለጉን ነው።

ይህን ይዤ ወደ አንድ የሐዲስ መምህር ጉባኤ ቤት ሄድኩ። ተማሪዎቹ ከዛፍ ሥር መሬት ላይ ተቀምጠዋል፤ አንዱ መጽሐፉን ይዞ ያነባል። ዓይናቸው የደከመው የኔታ መጽሐፍ ሳይነኩ ይተረጉማሉ፤ አንባቢው አንዲት ፊደል ቢዘል በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ።

“ልጄ፣ ታሪክ ነው ምሳሌ ነው የምትለኝ አንዱን ይዘህ ልትሄድ ነው” አሉኝ። “አንድም ስንል ፊተኛውን መሻራችን አይደለም። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ የወረደው ሰው አዳም ነው፤ ሳምራዊው ክርስቶስ፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ነው ብለን እናስተምራለን። ታዲያ መንገድ ላይ ደሙ የሚፈስ ሰው ብታገኝ፣ አዳም ነውና ክርስቶስ ያነሣዋል ብለህ ታልፋለህ?”

አውግስጢኖስ ያንኑ የሳምራዊውን ታሪክ ሲተረጉም የእንግዳ ማረፊያውን ጠባቂ ሐዋርያው ጳውሎስ እስከ ማድረግ ደርሷል። ጀርመናዊው ምሁር አዶልፍ ዩሊኸር ደግሞ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህን ዓይነቱን ትርጓሜ ሁሉ ጠራርጎ፣ ምሳሌ አንድ ቁም ነገር ብቻ ነው ያለው አለ። “አንድም” እያለ ትርጉም የሚደራርበው የእኛ አንድምታ በሁለቱ መካከል የራሱ መንገድ አለው። ተመራማሪው ሮጀር ካውሊ እ.ኤ.አ. በ1988 በታተመው ጥናቱ አንድምታ ከአንጾኪያ የትርጓሜ ትምህርት ጋር እንደሚተሳሰር፣ አንዱ ድልድይም በ11ኛው ክፍለ ዘመን በባግዳድ የኖረው የኢብን አል ጠይብ የዓረብኛ ትርጓሜ እንደሆነ አሳይቷል። ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ አልዓዛር በተከታታይ የሰበከው በዚያችው በአንጾኪያ ነበር። ከድሆች ጋር ያልተካፈሉት ሀብት ዝርፊያ ነው ያለውም በእነዚያ ስብከቶች ነው።

ስለ ነዌ ደጅ ስጠይቃቸው የኔታ ሣቅ አሉ። “እኛ አልዓዛርን የተማርነው አኩፋዳ ይዘን ደጅ ቆመን ነው። የእርሱ ውሾች ቁስሉን ላሱለት፤ የእኛዎቹ ነከሱን። ይኸው ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለ። ለእኔ ምሳሌ ነው የሚለኝ ሰው ይህን ጠባሳ ምን ይለዋል?” ቀጥለውም “ገደሉንስ ብትል፣ ነዌ በቁሙ ሳለ ከአልዓዛር የለየው አንድ በር ነበር። ያን በር መክፈት አቅቶት ነው” አሉኝ።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በይፋ የምትለውን ለመስማት፣ ትምህርት ነክ ጉዳይ የሚመለከታቸውን አንድ ኃላፊ ጠየቅኩ። “ይህ በመጽሔት የሚመለስ አይደለም፤ በደብዳቤ ይምጡ” አሉኝ። ደብዳቤው መዝገብ ቤት ገብቶ ማኅተም ተመታበት። ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይነሣም።

ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። ያ የለቅሶው ቤተሰብ አርባውን ለሁለት ተከፍሎ አወጣ፤ ግማሹ ካህናትና ነድያን አበላ፣ ግማሹ ሳሎን ውስጥ ጸሎት አደረገ። በየሰፈሩ እንዲህ የተለያዩ ወንድማማቾች አሉ፤ አብዛኞቹ የያዙት ከዩቲዩብ ተቆርጦ የወጣ የሁለት ደቂቃ ስብከት ነው። በዚያ ስብከት ውስጥ ገደሉ አለ፣ እሳቱ አለ፣ የአብርሃም እቅፍ አለ። በሩና በሩ ላይ የተኛው ሰው ግን ተቆርጠው ቀርተዋል። መምህራኑ በአደባባይ ወጥተው ምዕራፉን ከመጀመሪያው ቁጥር ጀምሮ እስኪያስተምሩ ድረስ፣ የተዝካር ድግስ ቀን ከአጥር ውጭ ተሰልፎ የሚጠብቀው ነዳይ እጣው የሚወሰነው ድንኳን ውስጥ ክርክሩን በረታው ዘመድ ነው።