ገበያ ያለው መኪና ለምን ከገበያ ይወጣል?

ፎርድ ሬንጀር የተባለው ትንሽ ፒክ አፕ በአሜሪካ ምርቱ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 2011 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያ ዕለት በሚኒሶታ ግዛት፣ በሴንት ፖል ከተማ የሚገኘው ፋብሪካ የመጨረሻውን መኪና አውጥቶ ከ86 ዓመት አገልግሎት በኋላ በሩን ዘጋ። 800 ያህል ሠራተኞችም ሥራቸው አበቃ። የመጨረሻው መኪና የተሸጠው ኦርኪን ለተባለ ተባይ አጥፊ ኩባንያ ነበር። ገዢው ራሱ ሬንጀር የማን መኪና እንደነበር ይናገራል። በርካሽ ተገዝቶ፣ ዕቃ ተጭኖበት ቀኑን ሙሉ የሚዞር የሥራ መኪና ነበር።

ነገሩን እንቆቅልሽ የሚያደርገው ግን ሬንጀር ገዢ አጥቶ አለመቆሙ ነው። እውነት ነው፣ በ1999 ከ348 ሺህ በላይ ሲሸጥ የነበረው መኪና በ2010 ወደ 55 ሺህ ወርዶ ነበር። ይሁን እንጂ በመጨረሻው ዓመት፣ በ2011፣ ሽያጩ እንደገና ተነሥቶ ከ70 ሺህ በላይ ደርሷል። ታዲያ ይህን ያህል ገዢ ያለው መኪና ምርቱ እንዴት ይቆማል?

የዶሮ ጠብ ያመጣው ቀረጥ

መልሱን ለማግኘት ወደ 1960ዎቹ መጀመሪያ መመለስ ያስፈልጋል። በዚያን ጊዜ ርካሽ የአሜሪካ ዶሮ የአውሮፓን ገበያ አጥለቀለቀ። የአውሮፓ የጋራ ገበያ አገሮች በዶሮው ላይ ቀረጥ ጫኑ። አሜሪካም በምላሹ በፕሬዚዳንት ጆንሰን ዘመን፣ ከጃንዋሪ 1964 ጀምሮ፣ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲ እና በቀላል የጭነት መኪና ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣለች። የጭነት መኪናው ቀረጥ ያነጣጠረው በምዕራብ ጀርመኑ ፎልክስዋገን ላይ ነበር። የዶሮው ጠብ ተረሳ፤ የጭነት መኪናው ቀረጥ ግን ለአሥርት ዓመታት ጸንቶ ቆየ። «የዶሮ ታክስ» እየተባለ የሚጠራውም ለዚህ ነው።

በ1970ዎቹ የነዳጅ ዋጋ ሲንር የጃፓን ትናንሽ ፒክ አፖች በአሜሪካ ተወደዱ። ፎርድ የራሱ ትንሽ ፒክ አፕ ስላልነበረው ከማዝዳ እያስመጣ «ኩሪየር» በሚል ስም ይሸጥ ነበር። ቀረጡን ለማምለጥም ዘዴ ነበረ። ጋቢናውና ሻንሲው የጭነት ሳጥኑ ሳይገጠም ሲገባ የሚከፈለው ቀረጥ 4 በመቶ ብቻ ስለነበር፣ ሳጥኑ አሜሪካ ከገባ በኋላ ይገጠም ነበር። በ1980 መንግሥት ይህን ቀዳዳ ደፈነው። ፎርድም በ1982 ሬንጀርን በአገር ውስጥ ማምረት ጀመረ። መኪናው ከ1987 ወዲህ ባሉት ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ በአሜሪካ ከትናንሽ ፒክ አፖች ሁሉ በሽያጭ ቀዳሚ ነበር።

ሒሳቡ እንዴት ተበላሸ?

አንደኛው ምክንያት የማምረቻ ወጪ ነው። መኪና ስላነሰ ብቻ ወጪው በዚያው መጠን አያንስም። ሞተር፣ ካምቢዮ፣ ፍሬን፣ የአየር ከረጢት እና የሠራተኛ ጉልበት ለትንሹም ለትልቁም ያስፈልጋሉ። የሚቆጠበው ጥቂት ብረት ነው። ገዢው ግን ትንሽ መኪና ሲያይ ትንሽ ዋጋ ይጠብቃል። ስለዚህ ፎርድ ከአንድ ትልቅ ኤፍ-150 የሚያገኘው ትርፍ ከአንድ ሬንጀር ከሚያገኘው ይበልጥ ነበር። ሻጮች በትልቁ ላይ ቅናሽ ሲያደርጉ ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ስለሚጠብ፣ ብዙ ገዢ «ትንሽ ጨምሬ ትልቁን ልግዛ» ማለት ጀመረ።

ሁለተኛው የነዳጅ ቁጠባ ደንብ ነው። በወቅቱ አዲስ የነበረው የአሜሪካ ደንብ የሚጠበቀውን የቁጠባ መጠን የሚወስነው በአራቱ ጎማዎች መካከል ባለው ስፋት ነበር። ስፋቱ ያነሰ መኪና የበለጠ እንዲቆጥብ ይጠበቅበት ነበር። ትንሽና አሮጌ ንድፍ ላለው ፒክ አፕ ይህ ከባድ ሸክም ነበር።

ሦስተኛው እርጅና ነው። ሬንጀር ለመጨረሻ ጊዜ በዋናነት የታደሰው ለ1998 ሞዴል ነበር። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ብዙ ገንዘብ ሳያወጣበት ሲሸጠው ቆየ።

አዲስ ሬንጀርማ ነበረ። በ2011 በአውስትራሊያ የተነደፈው አዲሱ ሞዴል በታይላንድ፣ በደቡብ አፍሪካ እና በአርጀንቲና ለሚካሄድ ምርት ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን ከታይላንድ ወደ አሜሪካ ቢገባ 25 በመቶ ይቀረጣል። በአሜሪካ ይመረት ቢባል አዲስ ወጪ ይጠይቃል። በዚያ ላይ መጠኑ ወደ ኤፍ-150 የተጠጋ ስለሆነ የገዛ ወንድሙን ገበያ ይሻማል። ፎርድ መኪናውን ለአሜሪካ ገበያ ላለማቅረብ ወሰነ።

እንግዲህ ሬንጀርን እንዲወለድ ያደረገው የቀረጥ አጥር፣ ተተኪው እንዳይገባም አግዷል ማለት ነው። በእርግጥ አጥሩ ተፎካካሪን ሁሉ አላስቀረም። ቶዮታና ኒሳን እዚያው ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ፋብሪካ ከፍተው ፒክ አፕ አምርተዋል። ነገር ግን እነሱም የገጠማቸው ሒሳብ ያው ስለነበር የእነሱም መኪኖች ከጊዜ ወደ ጊዜ እየገዘፉ ሄዱ። የጎደለው ከውጭ ገብቶ ዋጋ የሚሰብር ርካሽና ትንሽ ፒክ አፕ ነው።

ለባለቤቱ ምን ማለት ነው?

የአንድ መኪና ምርት ቆመ ሲባል ባለቤቱ መጀመሪያ የሚያስበው የመለዋወጫን ነገር ነው። ምርት ማቆም ማለት ግን መለዋወጫ ማለቅ ማለት አይደለም። መመዘን ያለባቸው ነገሮች ሦስት ናቸው። በመንገድ ላይ ስንት መኪና አለ? ንድፉ ሳይለወጥ ስንት ዓመት ቆየ? ዕቃውን የሚጋራ ሌላ ሞዴል አለ ወይ? ሬንጀር በሦስቱም የታደለ ነው። ቁጥሩ ብዙ ነው፤ የመጨረሻው ንድፍ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቷል፤ ከ1994 እስከ 2009 በማዝዳ ስም የተሸጠው ፒክ አፕም እሱው ነው። እንዲህ ያለ መኪና መለዋወጫው ገበያ ስላለው የሚያመርትለት አያጣም። የሚያሰጋው በጥቂት ቁጥር ተመርቶ፣ ንድፉ በየጊዜው ሲለዋወጥ የኖረ መኪና ነው።

ፍላጎቱ አልሞተም

ፎርድ ሬንጀርን በ2019 ወደ አሜሪካ ገበያ መለሰው። መኪናው ግን ከቀድሞው የገዘፈ ነው። የቀድሞውን ቦታ የሞላው በ2021 የቀረበው «ማቭሪክ» ነው። መነሻ ዋጋው ከ20 ሺህ ዶላር በታች ስለነበር ትእዛዙ ከምርቱ በልጦ ኩባንያው በጃንዋሪ 2022 ለጊዜው ትእዛዝ መቀበል አቁሟል። ዋጋው ከዚያ ወዲህ ቢያድግም በ2024 ከ130 ሺህ በላይ ተሸጧል። ይህ መኪና የተሠራው እንደ ቤት አውቶሞቢል የተለየ ሻንሲ ሳይኖረው ነው። የሚመረተውም ያለዚያ ቀረጥ ይገባ ዘንድ በንግድ ስምምነቱ ውስጥ ባለችው በሜክሲኮ ነው።

በ2011 የጠፋው ፈላጊ አልነበረም ማለት ነው። የጠፋው ለፈላጊው በሚመቸው ዋጋ ሠርቶ ማትረፊያ መንገድ ነበር። መንገዱ እስኪገኝ አሥር ዓመት ፈጀ። ለሴንት ፖል ሠራተኞች ግን ዘግይቷል። የፋብሪካው ቦታ ዛሬ የመኖሪያ ሠፈር ነው።