ከልብ ወለድ ወደ ፊልም የገባችው ከተማ

ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ «ሚልኼሜት ሃኮኻቪም» እያሉ የሚጠሩት የከዋክብት ጦርነት በፊልም ብቻ የቀረ ታሪክ አይደለም። አሜሪካዊው ደራሲ ቲሞቲ ዛን እ.ኤ.አ. በ1991 ባሳተመው ልብ ወለድ፣ የ1983ቱ ፊልም ካበቃበት አምስት ዓመት አሳልፎ ታሪኩን ቀጠለ። ከፊልሞቹ ሌላ፣ ለጨዋታ ከተዘጋጁ መጻሕፍትም ቀድቷል። ለዋና ከተማዋ «ኮረሳንት» የሚል ስም አወጣላት፤ በ1999 ከነስሟ በፊልም ታየች።

በ2014 ግን ባለቤቱ ኩባንያ የቀድሞዎቹ ልብ ወለዶች ከዋናው ታሪክ እንደማይቆጠሩ አስታወቀ። ብዙ አንባቢዎች አዘኑ። ይሁን እንጂ ከተማዋ ስሟን አላጣችም፤ ዛን የፈጠረው የጦር አዛዥ ትሮንም በ2016 በቴሌቪዥን ተመለሰ።

ልጃችሁ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ሲያመጣ «ከየትኛው ፊልም በኋላ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን በአማርኛ ይተርክላችሁ።